ለእንግሊዝኛ የተላከ ሽማግሌ

ሰኞ

አመለጥኩ። ዛሬ ክፍል ፊት ቆሜ የእንግሊዝኛውን ታሪክ መተረክ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይኸው የአባቴ ሰሊጥ እርሻ ላይ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እልጣለሁ። ሽንፋ ውስጥ በአጨዳ ሰሞን ከትምህርት ቤት የጠፋን ተማሪ «የት ገባ?» የሚል የለም፤ ሰሊጥ ከደረሰ ሰው አይጠብቅም፣ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አባዬን «ትምህርቱ በኋላ ይደርሳል፣ አክስቴን ለሠራተኞቹ ምግብ በመሥራት ላግዛት» አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ። አክስቴ ይርገዱም ልጅ ማለት እንዲህ ነው አለች።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ድምፄ ወፍራም ነው። አምና ለማንበብ ተነስቼ ገና አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳልኩ፣ ቢኒያም ከኋላ «ትራክተር ተነሳ» አለ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ስም ሲጠራ እንኳ እጄን ነው የማነሳው።

ማክሰኞ

ታሪኩ ያለበትን ወረቀት ለምን ይዤው እንደመጣሁ እንጃ። ሱዚ የምትባል ልጅ ናት። ከእኩዮቿ ሁሉ ስለምትረዝም አጭር ለመምሰል ጎንበስ ብላ ትሄዳለች፤ ጀርባዋን እስኪያማት። መጨረሻ ላይ መስታወት ፊት ቀጥ ብላ ትቆምና ረጅም ነኝ ትላለች። አለቀ። ቲቸር ሰናይት ወረቀቱን ሲያድሉን በራስ መተማመንን ከዚህ ትማራላችሁ ብለውን ነበር። ለሱዚ መስታወት በቃት፤ እኔ መስታወት ፊት ስቆም ድምፄ አይታይም።

ቀን ላይ አክስቴ ሠራተኞቹን ለምሳ ብትጠራ ብትጠራ የሚሰማ ጠፋ። እስኪ አንቺ ጥሪ አለችኝ። ጠራሁ። የኛዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የማዶው እርሻ ሠራተኞችም ቀና አሉ። አክስቴ ስቃ ልትሞት። እኔ ማድቤት ገብቼ ተደበቅሁ።

ረቡዕ

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሠራተኞቹ ከምሳ በኋላ ዳሱ ሥር ጋደም ብለው ያርፋሉ፣ እኔ ጥግ ይዤ ወረቀቴን አነባለሁ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ይታየው አየኝ። ይታየው ከጎጃም የመጣ ጎልማሳ ነው፣ ዝም ማለት አይችልም። ድግምት ነው ወይ አለኝ። እንዳይስቁብኝ ብዬ ታሪኩን በአማርኛ ነገርኳቸው።

እረፍታቸውን በሙሉ ሲከራከሩ ጨረሱት። ይታየው፣ ለነዶ መከመር ከረጅም ሰው የተሻለ አይገኝም፣ ልጅቱ ትምጣና አብራን ትሥራ ይላል። ጋሽ ሰይድ ደግሞ በልጅቱ አገር የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም ወይ ብለው ጠየቁ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣሉ፣ አጨዳ ላይ ዘፈን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን ባገላብጠው ሽማግሌ የሚል አጣሁ።

ከዚያ በፈረንጅኛው አሰሚን አሉ። አነበብኩላቸው! ትክክል ልሁን ልሳሳት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፣ ለዚህ ነው መሰለኝ ያልፈራሁት። አክስቴ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብላ ቀለደችብን።

ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን ብናገር ማን ያምነኛል? ጋሽ ሰይድ አጨዳው መሐል ዘፈናቸውን ተዉና የሱዚን «ረጅም ነኝ»፣ «አይ አም ቶል» ብለው አወጡ። ሁሉም ማጭዱን እየሳበ ተቀበለ። በወሎ ዜማ!

ምሳ ላይ እኔን አውጪ አሉኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ እነሱ ይቀበላሉ፣ ሌላ እላለሁ፣ ይቀበላሉ። ወረቀቱን ሳላይ እስከ መጨረሻው ደረስኩ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ሽሮው ግን አርሯል።

ዓርብ

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሽ ሰይድ ውሃ ሊጠጡ መጥተው፣ ይህን ያህል እየቻልሽ ለምን ትምህርት ቤት አልሄድሽም አሉኝ። ውሸት ማሰብ ደከመኝና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቢኒያምን፣ ትራክተሩን፣ መሸሼን። አልሳቁም።

«ታዲያ የተጣላሽው ከማን ነው የኔ እናት? ከልጁ ነው ከአስተማሪዪቱ?»

ከማንም አልተጣላሁም፣ ከድምፄ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ ይሄ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ነገር ነው ብለው ወደ አጨዳቸው ተመለሱ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

እሑድ

ቀልድ አልነበረም።

ጠዋት አባዬ ትራክተሩን አስነስቶ ሠራተኞቹን በተሳቢው ሽንፋ ገበያ ወሰዳቸው። ጋሽ ሰይድ ጋቢያቸውን ደርበው ነበር። ይታየውም ታጥቦ ጸጉሩን አበጥሯል። ገበያ ነው ብዬ ምንም አልጠረጠርኩም። ለካ ሁለቱ ጠይቀው ጠይቀው ቲቸር ሰናይት የተከራዩበት ግቢ ሄደዋል። አከራይዋ ሁለት ሰዎች ተጠንቅቀው በር ላይ ሲቆሙ ብታይ፣ ለቲቸር ትዳር የመጣ መስሏት ወንበር ለመበደር ጎረቤት ሮጣለች። ወንበሩ ሲመጣም እንቢ! እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለዋል።

ይህን ሁሉ ማታ የነገረኝ ይታየው ነው፣ እየተንከተከተ። ጋሽ ሰይድ፣ ልጃችን አጥፍታለች፣ በፍርሃት ነው የሸሸችው፣ ማሩልን፣ የሚስቁባትንም ልጆች ገሥጹልን ብለው ለምነዋል። ቲቸር መጀመሪያ ደንግጠው፣ በመጨረሻ እሺ፣ ነገ ትምጣ ብለዋል። ያኔ ተቀምጠው ሻይ ጠጥተዋል።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ይብስ ብሎ ነገሩን አባዬ ሰማ። ተቆጥቶ ቢሆን በተሻለኝ።

«እኔን ልትረጂ የመጣሽ መስሎኝ'ኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ።

አለቀስኩ። አጠገቤ ተቀመጠና፣ እሱም ባንክ ቤት ገብቶ መናገር ሲያቅተው ሰው አስከትሎ እንደሚሄድ ነገረኝ። ይህን አላውቅም ነበር። ጠዋት አደርስሻለሁ አለኝ።

ሰኞ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ቲቸር ስለ ሽማግሌዎቹ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ስሜን ብቻ ጠሩ። ወጥቼ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አልኩና ቆምኩ። ከኋላ አንዱ የትራክተር ድምፅ አሰማ፣ ሳቅም ተከተለው። ቲቸር ወደ ኋላ ዞረው አዩ። ሁለተኛውን አልኩ፣ አሁንም ቆምኩ።

ለምን እንደምቆም የገባኝ ያኔ ነው። እስኪቀበሉኝ እየጠበቅሁ ነበር! ከዳሱ ሥር የለመድኩት አመል።

ምን ላድርግ፣ ልተወው ብል አልቻልኩም። ሦስተኛውን ብዬ እንደገና ጸጥ። ፊት የተቀመጠችው ሰዓዳ የጨነቃት ይመስለኛል፣ ቀስ ብላ ደገመችው። አራተኛውን አጠገቧ ያሉትም ደገሙት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ይቀበለኝ ጀመር፤ የታዘዙ መስሏቸው ይሁን ወይም ደስ ብሏቸው አላውቅም። ቲቸር አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይስቃሉ። ሁለት ቦታ ዘለልኩ፣ መስታወቱን ጭራሽ ረሳሁት፣ «አይ አም ቶል»ን ደግሞ ሳላስበው በወሎ ዜማ አልኩት። በዜማው ተቀበሉኝ። ቢኒያም ይቅርታ አልጠየቀኝም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ግን አይቼዋለሁ።

ስንወጣ ቲቸር ጠሩኝ። «ቃላቱን እናርማለን። ድምፁን እንዳትነኪው» አሉኝ።

ማክሰኞ

የኛ እርሻ ትናንት ታጭዶ አለቀ። አክስቴ ዕቃዋን ጭና ከእርሻው ስትመጣ፣ ሠራተኞቹ ጎህ ሳይቀድ መኪና ላይ ወጥተው ለሌላ አጨዳ ወደ አብደራፊ ሄዱ አለችኝ። ሳልሰናበታቸው። እንዴት እንደሆንኩ ሳይሰሙ።

አመሻሽ ላይ የአባዬን ስልክ ወስጄ ጋሽ ሰይድ ጋ ደወልኩ። አይሠራም። ደገምኩ፣ አይሠራም። ደግሜ ስሞክር ተነሳ፤ ነፋስ ብቻ፣ የመኪና ጩኸት ብቻ። ማን ልበል ይላሉ። እኔ ነኝ ጋሽ ሰይድ እላለሁ፣ አይሰሙም። ኔትወርክ ፍለጋ ግቢው መሐል ወጣሁና ባለኝ ድምፅ በሙሉ ጮህኩ።

«ተናገርኩ! ጋሽ ሰይድ፣ ተናገርኩ!»

መስማታቸውን እንጃ። ስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ተንጫጫ፣ ከዚያ ተቋረጠ። የጎረቤታችን ሚስት ነጠላዋን እያስተካከለች በአጥሩ ላይ ብቅ አለች፣ ፊቷ ነጥቷል። ማን ሞተ ብላ ጠየቀችኝ።

ማንም አልሞተም አልኳት። የጮህኩት እኔ ነኝ።