ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ቤት የቆጠሩት የአቶ ባልቻ ንዳ የሕይወት ታሪክ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ ወንድሜን የሚያለብሰው አፈር እኔንም ያልብሰኝ። ለቅሶ ላይ የሚዋሽ ሰው ሞልቷል። እኔ ካሳሁን ንዳ፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ በቡታጅራ ገበያ ቃሌ ከሚዛኔ በፊት የሚታመን ሰው፣ አልዋሽም።

አቶ ባልቻ ንዳ ከአባታቸው ከአቶ ንዳ ገርቢ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አዛለች ሀብቴ በመስቃን ምድር በ1908 ዓ.ም. በጥር ወር ተወለዱ። በተወለዱበት ዕለት በበጋ ሰማይ ዝናብ ወርዶ ሦስት ወንዝ እንደሞላ እናታችን ትናገር ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ሌላው ልጅ ሁለት ዓመት የሚለፋበትን ፊደል በአርባ ቀን ጨረሱ። መምህራቸው «ይህን ልጅ ከእንግዲህ የማስተምረው የለኝም፤ እሱ ያስተምረኝ» ማለታቸው በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው።

በ1935 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወርቅውሃ ደበላ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በሠርጋቸው ላይ የታረደውን በሬ ቁጥር ብጽፍ የማያምን ስለሚኖር ትቼዋለሁ። ሰባት ልጆች ወለዱ። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተስቦ ገብቶ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ሦስቱን ወሰደባቸው። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ባልቻ ብዙ አይስቁም ነበር። በ1955 ዓ.ም. የአገር ሽማግሌ ሆነው ተመረጡ። አሥር ዓመት ሙሉ ዳኛ ያሰለቸ የድንበር ጠብ አንድ ጠዋት ተቀምጠው ፈትተዋል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቃቅፈው ሲሄዱ የድንበሩን ድንጋይ ረስተውት ሄዱ።

በሰኔ 1963 ዓ.ም. ዶክተር ዓለምዘውድ የተባሉ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተስቦን ለማጥናትና ለማጥፋት ከአዲስ አበባ መጡ። መኪናቸው ከቡኢ ወዲህ ጭቃ ውስጥ ሰጠመች። አቶ ባልቻ ወርደው ብቻቸውን አወጧት። ሌሎች ዐሥራ አራት ሰዎችም ነበሩ፤ እነሱ ግን ለድምቀት ነው።

ሐኪሙ «ጋሼ ባልቻ፣ ያለ እርስዎ አንድም ቤት አንገባም» አሏቸው።

«የእኔ ዶክተር፣ በሽታውን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በሩን ደግሞ እኛ እናውቀዋለን» ሲሉ መለሱ። ይህንን ቃል ዶክተሩ በደብተራቸው ጽፈውታል።

ውሉም እንዲህ ሆነ። ሐኪሞቹ ልብስ ላይ የሚነፋ የቅማል ዱቄትና ኪኒን ያመጣሉ፣ ከእያንዳንዱ ሰው ጣት ጠብታ ደም ይወስዳሉ። ሽማግሌዎቹ ቤቱን ይቆጥራሉ፣ ሰዉን ያሳምናሉ። ባለ ቆርቆሮውም ባለ ሣሩም እኩል ይድረሰው፣ ማንም ለማንም አይቅደም ተባለ። አቶ ባልቻ ኮሮጆ ሙሉ ጠጠር ይዘው ጀፎረውን፣ ያን ሰፊውን የመንደራችንን ጎዳና፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ ወረዱ። በሩን ወደ ጀፎረው ለከፈተ ቤት ሁሉ አንድ ጠጠር ጣሉ። አባቶቻችንም ሲቆጥሩ የኖሩት እንዲሁ ነው። ከአንዱ ጀፎረ ወደ ሌላው እያሉ አገሩን ሲጨርሱ ጠጠሩ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሆነ።

ሰዉ ደሙን አልሰጥም አለ። «አዲስ አበባ ወስደው ሊሸጡት ነው» ተባለ። የአቶ ባልቻ የልጅነት ጓደኛ አቶ ሙስተፋ በሰው ፊት ተነስተው «ባልቻ፣ መጀመሪያ አንተ ተወጋ። ከሞትክ እንቀብርሃለን፤ ካልሞትክ እንከተልሃለን» አሉ።

አቶ ባልቻ ጣታቸውን ሰጡ። ጠርሙሱ እስከ አፉ ሞላ፤ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። «ይኸው አልሞትኩም፤ ና ተከተለኝ፣ ሙስተፋ» አሉ። በዚያ ቀን ብቻ ሰባ ቤት ጣቱን ሰጠ።

ሐምሌ ሲያልቅ በሦስት መቶ ዐሥራ ሁለቱ ቤት አንድም በሽተኛ አልነበረም። ዶክተር ዓለምዘውድ «አንድም ቤት አልቀረም» ብለው ወደ አዲስ አበባ ጻፉ። ነጋሪት እየተጎሰመ በሚታወጅበት ዘመንም ቢሆን እንዲህ ያለ ሥራ አልተሠራም። ሐኪሞቹ ሥራቸውን ስለጨረሱ ዛሬ ከቀብር በኋላ ይመለሳሉ፤ የተረፈው ዱቄትና ኪኒን መኪናቸው ላይ ተጭኖ በሸራ ታስሯል።

አቶ ባልቻ በሥራ ብዛት ልባቸው ደክሞ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ ሚስታቸውና የንስሐ አባታቸው ባሉበት፣ ነሐሴ 19 ቀን 1963 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ወርቅውሃን፣ አራት ልጆችንና ቁጥሩን እግዜር የሚያውቀው ወዳጅ ትተዋል። አንድም ቤት ያላስቀሩትን እኚህን ሰው ጌታ ከቤቱ አያስቀራቸው።

ከዚህ በላይ ያለው በማዘጋጃ ቤቱ የጽሕፈት መኪና የተመታ ነው። ከዚህ በታች ያለውን በእስክሪብቶ የጻፍኩት፣ የንስሐ አባታችን «ይህ ካልተጨመረበት ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አይነበብም» ስላሉ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጽሑፉን ለለቅሶኛው ጀፎረው ላይ አነበብኩ። ሐኪሞቹም ነበሩ። «በገዛ አልጋቸው ላይ» የሚለው ጋ ስደርስ ከለቅሶኛው ውጭ፣ ከእንሰቱ ሥር የተቀመጠች ሴት ተነሳች። ዘይባ ናት፤ የእንጨት ጠራቢው ሚስት። የእኛን ቤት ምሶሶዎች ሁሉ የጠረበው ባሏ ነው። በአገራችን ልማድ እንጨት ጠራቢዎች ከእኛ ጋር አይቀመጡም።

«ጋሼ ካሳሁን፣ እኔ እንደ እርስዎ አልምልም» አለች። ድምፅዋ ከዝንብ አይበልጥም፤ ግን ሁሉም ሰማ። «አልጋቸው ላይ አልሞቱም። እኛ ቤት ነው የሞቱት።»

«ውሸት ነው!» አልኩ። ወ/ሮ ወርቅውሃን አየሁ። ቀና አላሉም።

«ዐሥራ አንድ ቤት ነን» አለች ዘይባ። «በራችን ወደ እንሰቱ ነው የሚከፈተው። ጋሼ ባልቻ ኮሮጆውን ይዘው ሲያልፉ አየናቸው። አልቆጠሩንም። ዱቄቱም አልመጣም። ሐምሌ ሲያልቅ ልጆቹ ታመው ተኙ፤ ሄጄ ነገርኳቸው። ‹ቁጥሩ አዲስ አበባ ደርሷል፤ አሁን ተሳሳትኩ ብል ማን ያምነኛል› ብለው ራሳቸውን ያዙ። በማግስቱ የራሳቸውን ቤት ዱቄትና ኪኒን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው መጡ። ለዐሥራ አንድ ቤት አይበቃም። ዘጠኝ ቀን ተመላለሱ፣ ውሃ አጠጡልን፣ አቅፈው አገላበጡልን። በአሥረኛው ቀን ትኩሳቱ እሳቸውን ያዛቸው፤ ተነስተው መሄድ አልቻሉም። ሲሞቱ ያጠብናቸው እኛ ነን። እርስዎ በቃሬዛ ሊወስዷቸው ሲመጡ ታጥበው ነው ያገኟቸው።»

ታጥበው ነው ያገኘኋቸው።

አቶ ሙስተፋ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ዶክተር ዓለምዘውድ ተነሱና ለሾፌሩ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ሾፌሩ ሄዶ የሸራውን ገመድ ይፈታ ጀመር። ከዚያ ሐኪሙ ደብተራቸውን አውጥተው ለቅሶኛውን አልፈው ከእንሰቱ ሥር ቆሙ።

«ስንት ሰው ታሟል፣ እናቴ?»

«አራት ተኝቷል።»

«የሞተስ?»

«ስድስት» አለች ዘይባ። ወደ አስከሬኑ አየት አደረገች። «ጋሼ ባልቻን ከእኛ ጋር የምትቆጥሯቸው ከሆነ፣ ሰባት።»