ሀያት ያልጻፈችው

ኅዳር 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሀያት መጻፍ ልትተው ነው።

ከየቡ ከተማ እየተመላለሰች እዚህ ጅማ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት እንዳነብላት የሰጠችኝ ታሪክ ገብታበት በማታውቀው የአዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የሚሆን ነው፤ አንድም ሰው አይተነፍስበትም። ይህንኑ ብነግራት "በቃ፣ መጻፉ ይቅርብኝ" አለችኝ። ዛሬ ወረቀቷን ልትወስድ መጣች፣ ያውም አርፍዳ።

"ምን አስቆየሽ?" አልኳት።

"ዝናብ ነዋ፣ ጋሼ! እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው ገና ቁጭ ከማለታቸው ወረደ። ቡናችን ደግሞ ደጅ ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቷል። አባቴ ጥሏቸው ሮጠ። እነሱም ተከትለውት ሮጡ። ጋቢያቸውን እየጎተቱ ላስቲክ ሲያለብሱ ብታያቸው! ትልቁ ሽማግሌ የላስቲኩን ጫፍ እንደያዙ፣ 'እህሳ፣ ልጅቷን ትሰጠናለህ ወይስ ልልቀቀው?' አይሉት መሰለህ!"

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች።

"ይህን ጻፊው" አልኳት።

"ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ድርሰት ይሆናል? የቤታችን ጉዳይ እኮ ነው።"

"ለዚህ ነው ጻፊው ያልኩሽ።"

ወረቀቷን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ ትንሽ አየችው። ትጻፍ አትጻፍ ሳትነግረኝ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

እኔም ስኳር ልገዛ ወጣሁ። ባለሱቁ እየመዘነልኝ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እህቷ የሽማግሌውን ጥያቄ ስትሰማ ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም። የየቡ መኪና ሳይሞላ እደርስባት ይሆናል ብዬ ስኳሩን ሚዛኑ ላይ ትቼ ወጣሁ።