ትራስ ተብለው ስለተመዘገቡት አሥራ ሁለት የዋና መንሳፈፊያዎች

ረቡዕ፣ ቦንጋ

ለክቡር አቶ ተስፋሁን
የውኃ ስፖርት ማስፋፊያ ጊዜያዊ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ማክሰኞ ዕለት እግርዎ በመራሱ ጉንፋን እንዳልያዘዎት፣ ጫማዎም በደኅና እንደደረቀልዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ «ጊዜያዊ» ተብሎ ከተቋቋመ እነሆ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ለእርስዎም እንደዚሁ ጊዜያዊነት ማለቂያ የሌለው ጤና እመኝልዎታለሁ።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ዋና የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ከአራት ዓመት ወዲህ ስምንት ታዳጊዎችን ከከተማው በታች፣ ወንዙ ሰፋና ረጋ ብሎ በሚተኛበት ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ዘርግቼና ዋና የሚችሉ ሁለት አዋቂዎች አቁሜ በነፃ አሠለጥናለሁ። ዝናብ የጣለ ቀን ወንዙ ስለሚሞላ ማንም አይገባም። የእኛ መመሪያ ይኸው ነው፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም።

የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አንድ ማኅተም ነው። ቅዳሜ ጅማ ላይ ዕድሜያቸው ከአሥራ አራት ዓመት በታች ለሆኑ ዋናተኞች ውድድር ይደረጋል፤ የስም ዝርዝራችን በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ተረጋግጦ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰ አንሳተፍም። ከስምንቱ አንዷ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው የአቶ ጃፈር ልጅ ሀኪማ፣ የሚመጣው ወር አሥራ አራት ዓመት ይሞላታል። ስለዚህ ይህ ውድድር ለእሷ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። ሀኪማ በደረት ቀዘፋ እኔን ከቀደመችኝ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ይህንን የምጽፈው ደስ እያለኝ አይደለም።

እርስዎ ግን «ክለቡ በመመሪያው መሠረት መሠልጠኑ ሳይረጋገጥ ማኅተም አይመታም» ብለው በጽሑፍ መለሱልኝ። ለጥንቃቄዎ ከልብ አመሰግናለሁ። አሥራ አራት ገጽ ያለውን መመሪያዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ በእርሳስ፣ አንዴ በቀይ እስክሪብቶ፣ አንዴ ዝም ብዬ በንዴት። ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. በአንቀጽ ፬ «ዋናተኛው ለዳኛው በግልጽ እንዲታይ ራሱን ዘወትር ከውኃ በላይ ያደርጋል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ራስ ወደ ላይ ሲወጣ ዳሌ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዳሌ ሲወርድ እግር ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ የሚዋኝ ሳይሆን ውኃ ውስጥ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ይመስላል። እኔ ለልጆቹ የምነግራቸው ፊታችሁን ውኃው ላይ አስተኙ፣ ወደ ታች ተመልከቱ፣ እንደ ተዘረጋ ሳንቃ ቀጥ በሉ ብዬ ነው። አንቀጽ ፯ ደግሞ ዋናተኛው ትንፋሽ የሚወስደው «በአሠልጣኙ ፊሽካ» እንዲሆን ያዝዛል። እኛ አየሩን ውኃ ውስጥ ሳለን በአፍና በአፍንጫ ቀስ አድርገን እናስወጣለን፤ በነፃ ቀዘፋ ራሳችንን ሳናነሣ ወደ ጎን ብቻ መለስ አድርገን እናስገባለን። ፊሽካ አንጠብቅም። አሠልጣኙ ያን ጊዜ ሚስቱ ስልክ ብትደውልለትስ?

እስከዚህ ድረስ አለማወቅ ነው ብዬ ታግሼ ነበር። አንቀጽ ፲፩ ላይ ስደርስ ግን «ዋናተኛው ውኃውን በደረቱ አብርዶ በእግሩ ለቡድን ጓደኛው ያቀብላል» የሚል አገኘሁ። አንቀጽ ፲፪ም «በረኛው ውኃውን በእጁ መያዝ የሚችለው በክልሉ ውስጥ ብቻ ነው» ይላል። የጽሕፈት ቤትዎን ባለሙያ አቶ ዮሴፍን በትሕትና ብጠይቃቸው፣ የእግር ኳሱን መመሪያ ወስደው «ኳስ» የሚለውን ሁሉ በኮምፒዩተር ወደ «ውኃ» እንደቀየሩት ያለ አንዳች ኀፍረት ነገሩኝ። «ጊዜ ቆጠብን፣ ጋሽ አብርሃም!» አሉኝ። እኔም ስምንቱን ልጆች ሰብስቤ በረኛ የሚሆን ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ማንም እጁን አላወጣም።

፪ኛ. በአንቀጽ ፱ መሠረት ማንኛውም ታዳጊ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዋና መቻሉ መረጋገጥ አለበት። ይህንን ለማረጋገጥ አቶ ዮሴፍ ልጆቹን በጽሕፈት ቤትዎ አዳራሽ ውስጥ በጠረጴዛዎች ላይ በሆዳቸው አስተኝተው አርባ ደቂቃ እጅና እግራቸውን እንዲያወናጭፉ አደረጉ፤ እሳቸውም በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተመላለሱ ነጥብ ሰጡ። ሀኪማ ከጠረጴዛዋ ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ «ጋሼ፣ እዚህ ብሰጥም ማን ነው የሚያወጣኝ?» ብላ ስትጠይቀኝ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዮሴፍ ግን ከሥነ ምግባር አምስት ነጥብ ቀነሱባት። በወንዙ ስፋት ሃያ ጊዜ የምትመላለስ ልጅ በጠረጴዛ ዋና ወድቃለች።

፫ኛ. ስለላካችሁልን ትጥቅ ማመስገን ይገባኛል። የዋና መነጽር ብለን ጠይቀን የደረሰን የብየዳ መነጽር ነው። ጥቁር በመሆኑ ልጆቹ ውኃውን ይቅርና ወንዙንም ማየት አልቻሉም። ለሌላ ጊዜ እንዲረዳዎት ያህል፣ የዋና መነጽር የሚለካው ላስቲኩን ሳያጠልቁ ዓይን ላይ ጫን በማድረግ ነው። ለሁለት ሴኮንድ ያህል ሳይወድቅ ከቆየ ልክ ነው፤ ከወደቀ ለፊቱ አይሆንም፤ ላስቲክ ቢያጠብቁት ራስ ምታት ይጨምራል እንጂ ውኃ አያስቀርም። ከዚያም ማሊያ፣ ቁምጣና እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ካላደረጉ «ሙሉ ትጥቅ» አይባልም ተብለናል። ሰፊ ልብስ ውኃ ይቋጥራል፤ ልጁን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ የዋና ልብስ ሰውነት ላይ ልክክ ማለት አለበት። አቶ ጃፈር ለልጃቸው እጅጌውም እግሩም ረጅም የሆነ፣ ከሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራ ልክክ ያለ ልብስ አሰፍተውላታል። ስለ ካልሲው ሲሰሙ በሱቃቸው በር ላይ ቆመው «ውኃ ውስጥ ገብታ ካልሲዋን ለማን ልታሳይ ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

፬ኛ. ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። እግርን ለብቻው ለማሠልጠን ልጁ በሁለት እጁ የሚይዘው መንሳፈፊያ ያስፈልጋል። እኛ እስካሁን ከእንሰት ግንድ እየቆረጥን ስንጠቀም ቆይተናል፤ አራት ቀን ያገለግላል፣ በአምስተኛው ቀን ይሸታል፣ በስድስተኛው ጎረቤት አቤት ይላል። ባለፈው ዓመት አንድ በጎ አድራጊ ውኃ የማያስገቡ አሥራ ሁለት ሰማያዊ የስፖንጅ መንሳፈፊያዎችን በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ላኩልን። ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ በዛወርቅ ዕቃውን አገላብጠው ተመለከቱ፤ ለስላሳ ነው፤ የመቀመጫ ያህል ስፋት አለው፤ ስለዚህ በሞዴል ፲፱ ላይ «የወንበር ትራስ፣ ሰማያዊ፣ ፲፪» ብለው ገቢ አደረጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ተቀምጠውበታል። የእርስዎ ወንበር ላይ ያለው ከሁሉ ወፍራሙ እንደሆነ አስተውያለሁ።

መንሳፈፊያ ነው ብዬ ሳመለክት ወይዘሮ በዛወርቅ በእውነተኛ ርኅራኄ «ውይ ጋሽ አብርሃም፣ ትራስ እንዴት ውኃ ውስጥ ይከታሉ? ይበሰብሳል እኮ!» አሉኝ። እርስዎ ደግሞ ዕቃው ትራስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ የባለሙያ ማስረጃ እንዳቀርብ አዘዙ። ባለሙያው አቶ ዮሴፍ ናቸው። አቶ ዮሴፍም በዚያን ሰዓት ተቀምጠውበት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ማስረጃው ማክሰኞ ቀረበ።

ለማኅተሙ ጉዳይ ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ያ ዝናብ ጣለ። አብረውኝ የመጡት ስምንቱ ልጆች ከዝናቡ ሊጠለሉ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ከግቢው በር ላይ ያለው ቦይ፣ ይጠረግ ተብሎ በተደጋጋሚ የተጻፈለት፣ ሞልቶ ወደ ውስጥ ገባ። ውኃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ከሰኞው ስብሰባ በኋላ አዳራሹ ወለል ላይ ተደርድረው የነበሩት ስምንት ትራሶች አንድ በአንድ ተነሡ። ማንም አልነካቸውም። በሰልፍ ሆነው በበሩ ወጡ፤ በረንዳውን ዞሩ፤ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ በደብዳቤ ያላሳመንኩትን በሦስት ደቂቃ አሳመኑ። አቶ ዮሴፍ «ንብረት! ንብረት እየሄደ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ልጆቹም ዜጎች ናቸውና የመንግሥትን ንብረት ከግቢው ሳይወጣ ለቀሙ። ስምንት ልጅ፣ ስምንት መንሳፈፊያ። ከቀሩት አራት ሦስቱ ሰው ተቀምጦባቸው ስለነበር መንሳፈፍ አልቻሉም፤ ወደ አራተኛው ከታች እመለሳለሁ።

ስለዚህ ስምንቱ የወንበር ትራሶች በአሁኑ ሰዓት በእጃችን በደኅና እንደሚገኙ፣ ታጥበው በጥላ ሥር እንደደረቁ በአክብሮት አሳውቃለሁ። ሞዴል ፳፪ ተሞልቶ፣ በትክክለኛ ስማቸው ወጪ ሆነው እስኪሰጡን ድረስ በአደራ እናቆያቸዋለን። በተረፈ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማኅተሙን። ሚኒባሱ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል። ሀኪማ ልብሷን ከእሑድ ጀምሮ አጥፋ አስቀምጣለች፤ በየቀኑ አውጥታ ታያትና እንደገና ታጥፋታለች ብለው እናቷ ነግረውኛል። ይህንን ስጽፍ አሽሙር አልጨመርኩበትም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ መመሪያዎ፣ በተለይም ቦዩን ባለማስጠረግዎ ላደረጉልን ታላቅ ትብብር እያመሰገንኩ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ደረቅ ወለል፣ ለወንበርዎ እውነተኛ ትራስ እመኛለሁ።

ማኅተምዎን በመናፈቅ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አብርሃም ባፈና
የሒሳብ መምህርና የማይከፈለው የዋና አሠልጣኝ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ በዛወርቅ፣ ለመዝገብ ማስተካከያ
ለአቶ ዮሴፍ፣ ለበረኛ ምደባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ ውኃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ እርስዎ ጠረጴዛዎ ላይ ወጥተው ትራስዎን በሁለት እጅዎ አጥብቀው ይዘው እንደነበር ሁላችንም አየን። ሀኪማ ጉዳዩን በጥሞና ተመልክታ የሚከተለውን እንዳደርስልዎት አዝዛኛለች፤ የእጅዎ አያያዝ ትክክል ነው፤ ክርንዎን ብቻ ዘርጋ ያድርጉ፤ ፊትዎን ወደ ታች ይመልሱ፤ መተንፈስም አይርሱ። የጀማሪዎች ተራ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ትራስዎን ይዘው ይምጡ፤ ፊሽካ ግን የለንም።