ያልወሰድኩት ውጤት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። እጄ ከሳሙናው ብዛት እንደ አሮጌ ቆዳ ተሰነጣጠቀ እንጂ ሌላ በሽታ የለብኝም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ዶክተሯ ነው፤ ቀጥሎም ስለ ራሴ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብልቃጥ ያጠብኩላቸው ሴትዮ በዚህ ወር ጡረታ ወጡ። ሥራቸውን በእውነት ነግሬሽ አላውቅም፤ አፍሬ "የዓይን ሐኪም ናቸው" ብዬሽ ነበር። ዕድሜያቸውን የፈጁት የወንድ ዘር ሲያጠኑ ነው፤ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ የሚንቀሳቀሰውን ከሞተው ለይተው እየቆጠሩ። በር ጠባቂያችን "ቆጣሪዋ" ይላቸዋል። ጠዋት ሲገቡ "ቆጣሪዋ መጡ፣ መብራት የምታባክኑ ተጠንቀቁ" እያለ ያስቃል። እሳቸውም አንድ ቀን ሰምተው "ያንተን ቆጥሬ ብነግርህ አትስቅም ነበር" አሉት።

ሥራውን የጀመሩት በከብት እርባታ ነው። እዚያ ላሞቹ ፅንስ አልይዝ ሲሉ መጀመሪያ የሚመረመረው ኮርማው ነበር አሉኝ። ወደ ሰው ሲመጡ ግን በር የሚያንኳኩት ሚስቶች ብቻ ሆኑ። ባል "እኔማ ወንድ ነኝ" ብሎ ቤቱ ይቀራል። ይህ ከንክኗቸው ሠላሳ ዓመት ወንዶቹን ሲለምኑ ኖሩ። አንዱን ናሙና ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥረዋል፤ ካልተስማሙ እንደ አዲስ ይጀመራል። "ያላየሁትን አልናገርም" ይላሉ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች፣ ልጅ እንዳጣን፣ ዶክተሯ ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ወንዶች ሲፈልጉ እኔም ደረቴን ነፍቼ ናሙና ሰጠሁ። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ የኔ አርባ አንድ ነበር። ውጤቱን የሚፈልግ ይምጣ ተባለ። ሁለት ጊዜ እበሩ ደርሼ ተመለስኩ። ባለቤቴ ራት ላይ "ምን አሉህ?" ስትለኝ "ደህና ነው አሉኝ" አልኳት። "ተመስገን፣ እንኳን ያንተ ደህና ሆነ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አብረን እንመርመር" ማለቷን ተወች። ጸሎቷ ግን ረዘመ። ከመጋረጃው ወዲያ "ጥፋቴን ይቅር በለኝ" ስትል እሰማ ነበር፤ ጥፋቷ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አንቺም "በቅሎ አግብተህ ውርንጭላ ትጠብቃለህ" ስትይኝ ዝም አልኩ። ልወቅስሽ አይደለም፤ ያስደፈረሽ የኔው ዝምታ ነው። ከሁሉ የሚከፋው፣ በቀብሯ ማግስት እናቷ እጄን ይዘው "ልጄ ዘር ሳትተውልህ ሄደች፣ ይቅር በላት" አሉኝ። እኔም "ይቅር ብያታለሁ" አልኳቸው። አስቢው እትዬ፤ ይቅር ባይ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ዶክተሯ መሳቢያቸውን ሲያጸዱ አሮጌ ካርዶች እንድቀድ ሰጡኝ። አርባ አንድ እጄ ላይ ወጣ። ሁለት ፊርማ፣ በሁለቱም አጠገብ አንድ ቃል፦ "ምንም"። ካርዱን አሳየኋቸው፤ የኔ ነው አልኩ። ወደዚህ ሥራ ከመምጣቴ በፊት ከጡብ እቶን ፊት የቆምኩባቸው ዓመታት ያመጡት ይሆን ብዬም ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሙቀት ሊጎዳ እንደሚችል፣ የኔን ግን በዚያ ነው ለማለት እንደማይችሉ ነገሩኝ። ከዚያ "ባለቤትህ ታውቅ ነበር?" አሉኝ። የዋሸሁትን ተናገርኩ። እሳቸውም "እሷን ማንም አልመረመራትም፤ ስለዚህ ስለ እሷ ማንም የሚያውቀው ነገር የለም። የምናውቀው ያንተን ብቻ ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎት ጀምሬ እተወዋለሁ። እግዚአብሔርን ይቅርታ መለመን ይቀላል፤ እሱ ቀድሞም ያውቅ ነበር። የማያውቁት እናቷ ናቸው። ልጃቸውን ባላጠፋችው እንደከሰሱ እንዳይሞቱብኝ እፈራለሁ። ዓይናቸው ደክሟልና ቤታቸው ሄደሽ ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብቢላቸው። "በቅሎ" ያልሽበትን መስመርም አትዝለይው፤ እኔም የኔን አልዘለልኩም።

ባለቤትሽን እንደ ወንድሜ ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። አዲስ ያገባውን ልጅሽን ደግሞ፣ ልጅ ከዘገየ ቀድሞ እሱ ይመርመር ብሏል አጎትህ በይው፤ ቢስቅም ይሰማል።

ለአማቴ ግን ሰላምታዬን መጀመሪያ እንዳታቀርቢ። አንብበሽ ስትጨርሺ፣ ካላስወጡሽ፣ ያኔ እግራቸውን ስመሽ "ይቅር ይበሉኝ ብሏል" በያቸው። የሚመልሱትን ሁሉ፣ እርግማንም ቢሆን፣ ሳታለዝቢ እንዳለ ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከላቦራቶሪው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ኅዳር 12 ቀን