ጃርቷ የእኔን ቃል ስትናገር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። እስከ ረፋድ፦ የመጋረጃ ጨርቅ ለሁለት ሰው፣ ከአበባማው ጣቃ ግማሹ ሄዷል፣ ዱቤ የለም። ልብስ ሰፊዋ ደንበኛሽ ሱቅሽ ተዘግቶባት ክር ፍለጋ ወደ እኔ መጣች። ክር እንዳለኝ ታውቂያለሽ። ከሰዓት ትከፍታለች፣ ተመለሺ ብዬ ሰደድኳት።

ለቀድሞዋ ባልንጀራዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይ? ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን ይህን በወረቀት መጠየቄ ያስቅሻል። ሳቂ። እኔም ልጄም ደህና ነን።

ዛሬ ጠዋት ሱቅሽን ዘግተሽ የት እንደሄድሽ አውቃለሁ። ልጅሽን ከልጄ ለይተው ሌላ ክፍል እንዲያስገቡልሽ ርዕሰ መምህሩን ጠይቀሻል። ነገ ጠዋት ሁለታችንንም ጠርቶናል፤ እኔም ከተስማማሁ ልጆቹ ይለያያሉ። እስከ ቀትር ድረስ ልስማማ ነበር። ትናንት ክፍል ውስጥ የሆነውን ስሰማ፣ “መምህሯ ገበናችንን አደባባይ አወጣችው” ያልሽውን እኔም ብያለሁ።

በምሳ ሰዓት መምህሯ ጋ ሄድኩና ስለ ጓደኝነት የምታስተምርበትን የሥዕል መጽሐፍ አሳዪኝ አልኳት። ስለተጣሉ ጃርትና ኤሊ ነው። ጽሑፉን በወረቀት ሸፍና ሥዕሉን ብቻ ታሳያቸዋለች፤ እንስሳቱ የሚሉትን ልጆቹ ይሞሉታል። የእኔዋ ጃርቷን ሆና፣ “ሰላም እንዳትለኝ! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ” አለች። ያንቺው ኤሊውን ሆኖ፣ “ሂጂ ወዲያ፣ ሜትርሽ እንኳ አጭር ነው” አላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስሰማው ትንሽ ሳቅሁ። ሜትሬ ግን አጭር አይደለም።

መምህሯን ተቆጣኋት። ወጣት ናት፤ አልደነገጠችም። “እትዬ፣ እኔ ያሳየኋቸው ጃርትና ኤሊ ነው። የቀረው ከየቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው” አለችኝ። መጽሐፉን መለስኩላት።

ከዚያ የመጨረሻውን ሥዕል ገለጠችልኝ። ዝናብ ይወርዳል፤ ሁለቱ በአንድ ሰፊ ቅጠል ሥር ተጠጋግተዋል። የእኔዋ እዚህ ላይ ስትደርስ አልናገርም አለች አሉ። ቢለምኗት ቢለምኗት፣ “ሥዕሉ ተሳስቷል። እናቷ ታያታለች” አለች። ያንቺው ምን እንዳላት ታውቂያለሽ? “ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ሱቅ እስኪዘጉ አያዩንም።”

ያን ጊዜ የሳቀ ልጅ አልነበረም አለችኝ መምህሯ።

ስመለስ ልጄ ለምሳ መጥታ ነበርና ቦርሳዋን ፈተሽኩ። ከእርሳሶቿ መሀል ሰማያዊ የሸሚዝ ቁልፎች ወጡ። እኔ የሸሚዝ ቁልፍ አልሸጥም። ጎንበስ ብዬ በመካከላችን ያስመታሁትን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ አየሁት፤ ከግርጌው ጥጉ ተፈልፍሎ የልጅ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኗል። አንቺም መደርደሪያሽ ሥር ብትፈልጊ የእኔን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሳታገኚ አትቀሪም። ልጁን እንዳትመቺው። ቁልፎቹን በእኔ ሒሳብ ያዢያቸው።

አንቺ ከክርና ቁልፍሽ ጋር ጨርቅ አስገባሽ፣ እኔ ከጨርቄ ጋር ክር አስገባሁ፣ ከዚያ ኮምፔንሳቶው መጣ። ማን ጀመረው የሚለውን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን። አንቺ ነሽ።

ነገ ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቀኝ አልስማማም እላለሁ። አንቺ የመሰለሽን በዪ፤ አላስገድድሽም። ግን ቢሮው ከመግባትሽ በፊት መምህሯ ጋ ጎራ በዪና ያን የመጨረሻውን ሥዕል እይው። ልጆቹ ሲናገሩ እኛን ነው የሰማነው፤ እዚያ ቅጠል ሥር ሲደርሱ ግን የተናገሩት የራሳቸውን ቃል ነው።

ልጅሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፣ ጉልበትሽንም ይማርልሽ። ገበያሽም ይድራ፣ ጨርቁ ሲቀር።

ባልንጀራሽ

ነገ፦ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት አናጢው ጋ ሄጄ የሚስማር መንቀያ መዋስ።