እንባ ያልወጣት እቴጌ

ለተከበሩት ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ።

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ብርዱ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? የሻይ ቡቃያውስ ውርጭ ሳይነካው ከረመ? ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ፣ አንገቴን ሊሰብረው ከሚደርስ የራስ ጌጥ በቀር፣ ደህና ነኝ። ስለ ፊልሙ ጻፊልኝ እያሉ ሲወተውቱኝ ነበርና ዛሬ ሥራ የለኝም፤ በሰፊው ላጫውትዎ።

ዕድሜዬን በኦፔራ መድረክ ፈጅቼ፣ በእርጅናዬ የንጉሠ ነገሥት እናት ሆኛለሁ። ካባዬ ወርቀ ዘቦው ከመክበዱ የተነሣ ሁለት ሴቶች ደግፈው ያቆሙኛል። ጀርባው ግን አልተሰፋም፤ ካሜራው ስለማያየው በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። እዚህ ሁሉ ነገር እንደዚያው ነው። ዳይሬክተራችን ሉዋን ይባላል። በዚህ ብርድ የኮክ አበባ አማረውና መንደሩን ሙሉ ሰው ቀጥሮ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ የወረቀት አበባ ሲያስቋጥር ከረመ። ታሪኩ በየትኛው ሥርወ መንግሥት እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ቆንጆ በነበረው ነዋ፣ እትዬ ፋንግ» አለኝ።

ንግሥቲቱን የምትጫወተው ልጅማ የምትለውን አታጠናም። ድምፁን በኋላ ሌላ ሰው ስለሚያስገባላት ካሜራ ፊት ቁጥር ትቆጥራለች። የባሏን ነፍስ እንድምርላት እግሬ ሥር ተደፍታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት» ትለኛለች። እኔም በእቴጌ ወግ፣ «ተነሺ ልጄ፣ ልመናሽ ልቤን ነክቶታል» እላታለሁ። ሉዋን ከወንበሩ ሆኖ ዓይኑን ይጠርጋል።

በፊልሙ መጨረሻ ቤተ መንግሥቱ ይቃጠላል፤ እኔም ቆሜ እያየሁ አለቅሳለሁ። ሉዋን «ኮምፖንሳቶ እሳት ላይ ያስታውቃል። በወጉ የሚነደው የዱሮ እንጨት ነው» ብሎ፣ ከገጠር የእውነት ጥንታዊ አዳራሽ አስገዝቶ፣ አስነቅሎ አስመጣ። ሲገጣጥሙት እኔ በልምምድ ተጠምጄ ነበርና ዞር ብዬም አላየሁት። ተሠርቶ ያለቀ ዕለት ግን እግሬ ወሰደኝ።

ወንድም ጋሼ፣ የበሩ ጉበን ላይ ሁለት ሽመላዎች ተቀርጸዋል። የግራው ምንቃር የለውም። እርስዎ በወንጭፍ ሰብረውት አባባ የገረፉዎት፣ እኔም አብሬዎት ያለቀስኩበት ሽመላ ነው። ወደ ውስጥ ገባሁ። የአያቶቻችን ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች የሚደረደሩበት ቦታ የፕላስቲክ ዘንዶ ተቀምጦበታል። የእማማ አስከሬን ያደረበት ማዕዘን ላይ የካሜራ ሐዲድ ዘርግተዋል፤ አንዱ ሠራተኛ ሐዲዱ ላይ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ ይፈለቅቃል።

እርስዎ በጸደይ «ጣራው ስለሚያፈስ የአባቶቻችን አዳራሽ ለጥገና ተነቅሏል፤ እስኪመለስ ድረስ አትምጪ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ስለዚህ በጥገና ላይ ሳለ ሌባ ወስዶታል ብዬ ወደ ዕቃ ኃላፊው ሮጥኩ። ሚያዎ የሚባል፣ ሲስቅ ሆዱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። የሌባ ዕቃ ገዝታችኋል ስለው ሳቀብኝ።

«ምን ሌባ አመጡብን፣ እትዬ? የሸጡልን የጎሳው ታላቅ ራሳቸው ናቸው። እንዲያውም ሲነቀል ከአጠገባችን ሳይለዩ፣ የቱ ምሰሶ ቀድሞ እንደሚወጣ ሲያሳዩን ዋሉ። ማታ ደግሞ የሩዝ ወይን ጋበዙን። ጆሮ የሚሸፍን ግራጫ ቆብ ያደረጉ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው» አለኝ።

እንዲህ ያለ ቆብ በየገበያው ሞልቷል። እኔም ባለፈው ዓመት አንዱን በእጄ ሠርቼ ልኬልዎ ነበር። ይሞቅዎታል?

ከዚያ ሉዋን ዘንድ ሄድኩ። በእንፋሎት የበሰለ ዳቦውን እያላመጠ ነበር። ይህ አዳራሽ የአባቶቼ ነው፤ ተውልኝ፣ ድካሜንም በነጻ ውሰደው፣ አልኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም።

«እትዬ» አለኝ፣ ጉንጩን እንደሞላ፣ «ነገ ሰማዩ ይደምናል። ለእሳት ከዚያ የተሻለ ብርሃን የለም። ደግሞስ ምስጥ ሊበላው የነበረ አይደል? እኔ እኮ ዘላለማዊ ላደርግልዎ ነው።»

ካባውን ጥዬ ልሄድ ዕቃዬን ሰብስቤ ነበር። ግን አንድ የፋንግ ጎሳ ሰው እንኳ በሌለበት፣ ቁጥር በምትቆጥር ልጅና ዳቦ በሚያላምጥ ሰው ፊት ብቻውን ይንደድ? ሻንጣዬን መለስኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለኮሱት። የዱሮ እንጨት በወጉ ይነዳል ያለው ልክ ነው። ሽመላዎቹ ጥቂት ታገሉ። ከዚያ ጣራው እንዳለ ተደረመሰ፤ ከእንግዲህ አያፈስም። የሜካፕ ልጅቷ ቀድማ የእንባ ጠብታ አምጥታልኝ ነበር፤ መለስኩላት። የራሴም እንባ አልመጣም። እስኪያልቅ አየሁት።

ሉዋን ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ በእግሩ ጣት ጫፍ እየተራመደ መጣ። «ለቅሶ ነበር የጻፍነው፤ ይሄ ግን ይበልጣል» አለኝ። «እቴጌዪቱ ማን እንደካዳት አውቃ፣ ስሙን ለመጥራት እንኳ የተጸየፈች ነው የምትመስለው። ማንን እያሰቡ ነበር?»

«የሥጋ ዘመዴን» አልኩት።

«ምን አደረገዎት?»

«ምንም። ደብዳቤ ይጽፍልኛል» አልኩት።

እንግዲህ ወሬዬ ይኸው ነው። ጉልበትዎን ይማርልዎ። የልጅ ልጆችዎ እርስዎን አይተው ይደጉ፤ ለእርስዎ ያላቸው አክብሮትም እርስዎ ለአባቶቻችን ያለዎትን ያህል ይሁን።

ፊልሙ ለዘመን መለወጫ እናንተ ዘንድ በወረዳው ሲኒማ ይታያል አሉ። ቤተሰቡን በሙሉ ይዘው ይሂዱ። መጨረሻው ላይ ካሜራው እሳቱን ትቶ ረጅም ጊዜ ፊቴ ላይ ይቆማል፤ ዓይኔን አልሰበርኩም። እይታዎ ደክሟልና ከፊተኛው ረድፍ ይቀመጡ።

አክባሪዎ፣
ታናሽ እህትዎ