የማዴይራ መርከብና የኔ ልብ

የካቲት 11፣ 2017
ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ መታሁ። ንፋስ ሁለት ምስማር ነቅሎ ነበር። ከሰዓት ልጃችን ፍቅርተ ከሊዝበን ደወለች። «አባዬ፣ በሰኔ አስመጣችኋለሁ። ሦስታችንም በመርከብ ማዴይራ እንሄዳለን፣ ብርድ የማያውቅ ደሴት ነው!» ባለቤቴ እቴነሽ እልል አለች። እኔም ሳቅሁ... ምን ላድርግ? ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ባሕር አይቼ አላውቅም። ማየትም አልፈልግም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

የካቲት 16
ቅበላ። እቴነሽ ሥጋውን ትታ ስለ ጫማ ታወራለች። «መርከብ ላይ ሸራ ጫማ አይሻልም?» እኔ ጥልቀቱን አስባለሁ። አራት ሺህ ሜትር... ከእግር በታች የሚረገጥ ነገር የለም። ጣናን እንኳ በጀልባ የተሻገርኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። እሷ የምጸልይ መስሏት ነበር። የስድሳ አራት ዓመት ሰው! ለማን ይነገራል?

የካቲት 22
ፍቅርተ ደወለች። «አባዬ፣ ፓስፖርትዎ ላይ ሰባ ሁለት ዓመትዎ ነው ይላል እኮ!» የልደት ዘመኔን በኛው አቆጣጠር፣ 1953 ብዬ ሞልቼዋለሁ። አስተማሪው! መርከቡ ደግሞ ከሰባ በላይ የሆነን ሰው ያለ ሐኪም ደብዳቤ አያሳፍርም። «ከሐኪም ወረቀት ያምጡ፣ ያልቃል» አለች። ስልኩን ስዘጋ ደስ አለኝ። አፈርኩ፤ ግን ደስ አለኝ።

የካቲት 25
ዶክተር መሠረት ደረቴን አዳመጠች። «ጋሼ ይርጋ፣ ልብዎ የጎረምሳ ነው። ይሂዱ፣ ይዝናኑ።» ደብዳቤውን ጻፈችልኝ። በኮቴ የውስጥ ኪስ ከተትኩት። እቴነሽ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።
«እህ?»
«ልቤ ደክሟል አለች። ባሕር አይሆነኝም።»
እንዲሁ ከአፌ ወጣ። ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

የካቲት 26
የውሃ ጀሪካን አላስነሳ አለችኝ።

የካቲት 29
ጣራ ገዳም ልሳለም አለች። መንገዱ አያስተማምንም፣ ቅሪ ብላት አልሰማችኝም። በጠዋቱ ሚኒባስ ሄደች። ቀኑን ሙሉ መናኸሪያው በር ላይ ተገተርኩ። መንገድ ተዘጋ ቢባልስ? አንድ ነገር ብትሆንስ... በእኔ ውሸት?
አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሳ መጣች። ጠበል በሃይላንድ ይዛለች።
«ተስያለሁ» አለች።
«ምን ብለሽ?»
«የሱ ልብ ይዳን እንጂ፣ ባሕሩ ለዘላለም ይቅርብኝ ብዬ።»
ጠበሉን ከእጇ ተቀብዬ ጠጣሁ።

መጋቢት 1
ነገርኳት። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «አንብብልኝ» አለች። እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩ አነበብኩላት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።
«ስድስት ሌሊት ትንፋሽህን ሳዳምጥ አድሬያለሁ። አንተ ውሃ ፈርተህ! ፈራሁ ብትለኝ ምን ነበረበት?»


መጋቢት 3
የንስሐ አባታችን አባ ውባንተ ዘንድ ሄድን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሁሉንም ሰሙ። «በሐሰት ወሬ የተገባ ስእለት ነውና አይያዝብሽም» አሏት። ለእኔ ስግደቱን አበዙት። ስንመለስም እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

መጋቢት 5
ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ ለፍቅርተ ላክሁ። ወዲያው ደወለች። «ስንት ትኬት ልቁረጥ?»
እቴነሽ ከጓዳ ሆና፦ «የእኔን ቁረጪ። የሱን ራሱን ጠይቂው።»
 ባሕሩን እንደ በፊቱ እፈራዋለሁ፣ ቅንጣት አልቀነሰም። ግን እሷ ያለ እኔ ስትሳፈር፣ ዞር ብላም ሳታየኝ... ታየኝ። ያንን የባሰ ፈራሁት።
«ሁለት» አልኩ።